ወንድማቸው ያዋሰውን ማኒፎልድ ሲፈልጉ የኖሩት የአቶ ኦርቪል ሩስታድ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኦርቪል ሩስታድ ከአባታቸው ከአቶ ጉናር ሩስታድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማቲልዳ ኦስ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1932 በካሊፎርኒያ በሜይዉድ ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ሲያወሩ እንደሰማነው ከተጠበቁበት ጊዜ ቀድመው ነው የመጡት፤ አዋላጇ ገና ኮቷን ሳታወልቅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቦታ ረግተው የተቀመጡበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ምግባቸውን ቆመው ይበሉ ነበር። በዚህች ቤተ ክርስቲያንም ሁልጊዜ የኋለኛውን ግድግዳ ተደግፈው ይቆሙ ስለነበር፣ ዛሬ ከፊት ተጋድመው ማየታችን ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው።

ትምህርታቸውን እዚያው ሜይዉድ ጀምረው ሁለተኛ ደረጃን በአጎራባቿ በቤል ከተማ በ1950 አጠናቀቁ። መምህራቸው ለእናታቸው፣ "ልጅዎ ጎበዝ ነው፤ ወንበሩ ግን ጠላቱ ነው" ብለዋቸው ነበር። ከክፍል እንደወጡ የሚሮጡት በአራት ዓመት ወደሚበልጣቸው ወንድማቸው ወደ ሃርላን ነበር። ሃርላን ጣሪያ የሌላት የ1932 ፎርድ ገዝቶ በቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ፈታትቶ እንደገና ይሠራት ነበር። መኪናዋና ኦርቪል እኩዮች ናቸው፤ ሃርላንም "ከሁለታችሁ ማን ቀድሞ እንደሚፈርስ እናያለን" እያለ ያበሽቃቸው ነበር።

በ1949 ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ወንድማማቾቹ አራት ካርቡሬተር የሚሸከም ማኒፎልድ ሊሠሩ ተነሡ። ማኒፎልድ ማለት ከሞተሩ አናት ተቀምጦ፣ ካርቡሬተሮቹ የቀላቀሉትን ቤንዚንና አየር ለየሲሊንደሩ የሚያደርስ የአሉሚኒየም አካል ነው። ፋብሪካው ለዚያች መኪና አንድ ካርቡሬተር ይበቃል ብሎ ነበር። በዚያ ዘመን በዚያ ሰፈር ያደገ ወጣት ግን በአንድ አይረካም፤ ሁለት የገጠመ ሦስት ባለው ይቀናል፤ አራት ያለው ደግሞ እሑድ ጠዋት ወጣቶቹ በሚሽቀዳደሙበት በኤል ሚራዥ ደረቅ ሐይቅ ላይ አቧራውን ለሌሎች እያለበሰ ያልፋል።

ሃርላን ሞዴሉን በእናታቸው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከጥድ እንጨት ጠረበ። አባታቸው ብረት ማቅለጫ ውስጥ ይሠሩ ስለነበር አለቃቸውን ለምነው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምድጃውን አስፈቀዱላቸው። ቅርጹን እንዲይዝ በሞዴሉ ዙሪያ አሸዋውን የጠቀጠቁት ኦርቪል ናቸው። ሞዴሉ ወጥቶ ባዶው ቅርጽ ሲቀር ጎንበስ ብለው አዩት፤ መታገሥ አቃታቸውና በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። አሉሚኒየሙ ፈስሶ ሲቀዘቅዝ ከማኒፎልዱ ሆድ ሥር የአንድ ልጅ አውራ ጣት፣ መሮ የቆረጣት ጠባሳ ሳትቀር፣ ጎልቶ ወጣ። ሃርላን ማጅራታቸውን በጥፊ አላቸው። ኦርቪል አፍረው ሞረድ አንሥተው ሊያጠፉት ሲሉ ግን እጃቸውን ያዘ።

"ተወው፣ ምን ይሠራልሃል። አንተም አብረኸኝ ትሮጣለህ።"

በዚያ ማኒፎልድ ሁለት የውድድር ወቅቶች ሮጡ። ሃርላን በ1951 ለኮሪያ ጦርነት ተጠራ። ቤተሰቡ አውቶቡስ ጣቢያ ሲሸኘው፣ ሻንጣውን ከጫነ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አደረገና ወንድሙን ጠራ።

"ኦርቪ፣ ማኒፎልዱን ፈትቼ ለአንድ ልጅ አውሼዋለሁ። ስመለስ እቀበለዋለሁ።"

"እሺ" አሉ ኦርቪል።

ለማን ብለው አልጠየቁም። የሐይቁ ልጆች ደንብ እንዲህ ነው፤ ተወዳዳሪህ ዕቃ ቢሰበርበት የራስህን ፈትተህ ታውሰዋለህ፣ ሲጨርስ ይመልስልሃል፣ ማን ከማን እንደተዋሰ የሚጠይቅ ሰው ተዋሹን በሌብነት እንደጠረጠረ ይቆጠራል። ኦርቪል ደንቡን አክብረው ዝም አሉ። ሃርላን በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኮሪያ ውስጥ ወደቀ። የተዋሰው ልጅ አልመጣም። ምናልባት እሱም ዘምቶ ቀርቶ ይሆናል፤ ምናልባትም የሃርላንን ሞት ሰምቶ ዕቃውን ይዞ በር ማንኳኳት ከብዶት ይሆናል። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አቶ ኦርቪል በዚያች መስኮት ሥር ሳይጠይቋት በቀረች አንዲት ቃል ምክንያት ዕድሜ ልካቸውን ከቤት ሲወጡና ሲዞሩ ኖሩ።

መኪናዋን በሸራ ሸፈኗት። ማኒፎልዱ የነበረበትን ቦታ አይጥ እንዳይገባበት በጣውላ ከድነው በላዩ ፎጣ አለበሱት። ሌላ ማኒፎልድ መግጠም የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ እሳቸው ግን የሃርላን ሞተር በሰው ዕቃ አይነሣም ብለው ማሉ። የሚገጠሙትን አራት ካርቡሬተሮች አሟልተው፣ አጽድተው፣ በአሮጌ ሸሚዝ ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ ካስቀመጧቸው በኋላ የቀራቸው ያ አንድ ዕቃ ብቻ ነበር። እሱን አግኝተው ሞተሩን ማስነሣት፤ ከዚህ ሌላ ለራሳቸው የተመኙት ነገር አልነበረም።

በሥራ ዓለም ከአውሮፕላን ፋብሪካ ጀምረው፣ የወተት መኪና ነድተው፣ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ጠግነው፣ በመጨረሻም በውሃ መሥሪያ ቤት የፓምፕ ጥገና ሠራተኛ ሆነው በ1994 ጡረታ ወጡ። የመጨረሻውን ሥራ የመረጡት ስለሚያዞራቸው ነው። ፓምፕ ባለበት እርሻ አለ፣ እርሻ ባለበት ጎተራ አለ፣ ጎተራ ባለበት ከገለባ ሥር የተረሳ አሮጌ ሞተር አይጠፋም። ውሃ ሊያስተካክል የመጣው ሰውዬ የዶሮ ቤት ውስጥ ምን እንደሚፈልግ ያልገባቸው ገበሬዎች ጥቂት አልነበሩም። አንዱ ውሻ ለቆባቸው ያውቃል። ውሻው የነከሳቸው ዕለት አንድ ባለሦስት ካርቡሬተር ማኒፎልድ ይዘው ስለገቡ ቀኑ ጥሩ ነበር ብለው ነው ያወሩት።

በጁን ወር 1957 ከወይዘሪት ኢርማ ፕሩት ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። የጫጉላ ጉዟቸው ወደ ታሆ ሐይቅ ነበር። ቢሾፕ ከተማ ቤንዚን ሲቀዱ ግን አንድ ሰው አጎቱ የትራክተር መጋዘን እንዳለው ነገራቸውና ሳምንቱ እዚያው አለቀ። ወይዘሮ ኢርማ ታሆን ያዩት ከብዙ ዓመት በኋላ ከእህታቸው ጋር ነው፤ ይህንንም እንዳትረሱ ጻፉልኝ ብለዋል። አቶ ኦርቪልና ወይዘሮ ኢርማ ሎይስና ዲን የተባሉ ሁለት ልጆች አፍርተዋል። ልጆቹ አገራቸውን ያወቁት ከፒክአፕ ኋላ ተቀምጠው ነው፤ የየከተማውን ትዝታ የሚለዩትም አባታቸው በፈተሹት የአሮጌ ብረት ክምር ነው።

ወዳጆቻቸው "ገልባጩ" ይሏቸው ነበር። ባለአራት ማኒፎልድ ካዩ ሰላምታ ሳይሰጡ ያነሡና ሆዱን ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል። ጣታቸው ማረፊያ ካጣ መልሰው ያስቀምጡትና ያኔ "እንዴት አደርክ" ይላሉ። በዚህ ዓይነት ለሌላው ሰው ሁሉ የጠፋ ዕቃውን አገኙ። ከነብራስካም ከአውስትራሊያም ስልክ ይደወልላቸው ነበር፤ የደዋዮቹ አያቶች የሮጡበትን፣ አባቶቻቸው የሸጡትን ዕቃ ፈልገው አድርሰዋል። ያገኘው ሰው ሲያለቅስ ግን ቆመው አያዩም ነበር፤ ወዲያው ወደ መኪናቸው ይሄዱና ሞተር ያስነሣሉ።

እውነት መነገር ካለበት ይህ ሁሉ ለወይዘሮ ኢርማ ቀላል አልነበረም። ልጆቹ ሲመረቁ አቶ ኦርቪል በአንዱ አርፍደዋል፣ በሌላው ቀድመው ወጥተዋል። በ1983 ወይዘሮ ኢርማ ሻንጣቸውን አዘጋጅተው በራፉ ላይ ቆሙ።

"ኦርቪ፣ እኔ ያገባሁት አንድ ሰው መስሎኝ ነበር። ለካ ሁለት ናችሁ። የሞተው ደግሞ ቤቱን ሞልቶታል" ብለው ኦሪገን ወዳለችው እህታቸው ሄዱ።

አቶ ኦርቪል ተከትለው ሄዱ። የእህትየውን በር አንኳኩተው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ወይዘሮ ኢርማ ፊታቸውን ሳይሆን ጫማቸውን አዩ።

"ይሄ እበት የየት አገር ነው?"

"መንገድ ላይ ነው።"

"ስንት ጎተራ ገባህ?"

"ሁለት።"

"ኦርቪል።"

"አራት" አሉ አቶ ኦርቪል። "የአንዱ ግን ጣሪያው ፈርሶ ስለነበር አይቆጠርም።"

ወይዘሮ ኢርማ ሳይፈልጉ ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላም ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። የተመለሱት በአንድ ውል ነው፤ እሑድ እሑድ ምሳ ላይ አቶ ኦርቪል እስከ መጨረሻው ይቀመጣሉ። ተቀመጡም። ከጠረጴዛው ሥር ግን እግራቸው ስለማያርፍ የጨው ዕቃው እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠርዙ ይሄዳል፤ ወይዘሮ ኢርማም ወደ ቦታው ይመልሱት ነበር። ይህ ሠላሳ ዓመት ቆየ።

በየወሩ ሎንግ ቢች የሚቆመው የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያ ላይ አቶ ኦርቪል አይቀሩም ነበር። ጎህ ሳይቀድ የእጅ ባትሪ ይዘው ገበያውን ካሰሱ በኋላ ወደ ወዳጃቸው ወደ አቶ ፋውስቶ ኦላጌ ድንኳን ይሄዳሉ። አቶ ፋውስቶ የቦይል ሃይትስ ሰፈር ልጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ሐይቁ ላይ የተወዳደሩ፣ በሸመገሉም ጊዜ ካርቡሬተር የሚሸጡ። ባለቤታቸው በቂጣ የጠቀለሉትን የእንቁላልና የባቄላ ቡሪቶ ሁልጊዜ ለሁለት ያካፍላሉ። የድንኳናቸው ሸራ በነፋስ እንዳይነሣ አራቱም ማዕዘን ላይ በከባድ ዕቃ ይታሰራል፤ በአንደኛው ማዕዘን በኩል ገመዱ የታሰረበት ጥቁር ቅባት የጠጣ ባለሁለት ማኒፎልድ ነበር። አቶ ኦርቪል ቆመው ሲበሉ አንድ እግራቸውን እሱ ላይ ያሳርፋሉ፤ ሲነሡ ደግሞ ይደናቀፉበታል።

"ይሄን ጉድ ከሰው መንገድ አታነሳም?"

"ሸራዬን ማን ይያዝልኝ? ያንተ ምላስ?" ይላሉ አቶ ፋውስቶ።

"ሁለት ካርቡሬተር። ለሚስትህ የልብስ ስፌት መኪና ግጠመው።"

"ለሷ ሰፊ ነው። ላንተ ፓምፕ ይሆናል።"

ባለአራት የሚፈልግ ሰው ባለሁለት ዕቃ አይገለብጥም፤ ይንቀዋልና። አቶ ኦርቪልም አንድም ቀን ጎንበስ ብለው አላዩትም።

በ2013 አጋማሽ አቶ ኦርቪል በልብ ድካም ታመሙ። ሐኪሞች እንዲያርፉ ሲነግሯቸው ስድብ እንደሰማ ሰው ተቀየሙ። በኋላ ግን እግራቸው አበጠ፣ ትንፋሻቸው አጠረ፣ አልጋቸው ከጋራዡ ጋር በሚዋሰነው ክፍል ተዘረጋ። በተኙበትም የምግብ ሰሃናቸውን ገልብጠው ያዩ እንደነበር ልጃቸው ሎይስ ትመሰክራለች።

በዲሴምበር ገበያ አቶ ፋውስቶ ብቻቸውን ወጡ። ከበረሃ የሚነሣው ኃይለኛ የሳንታ አና ነፋስ የሚነፍስበት ቀን ነበርና ሸራው ተነሥቶ ያንን ባለሁለት ማኒፎልድ በገመዱ ጎትቶ አንከባለለው። አቶ ፋውስቶ ሊያነሡት ጎንበስ ሲሉ ሆዱ ወደ ላይ ሆኖ ተጋድሟል። አስፋልቱ ቅባቱን ፍቆለት ኖሮ መካከሉ ላይ አንድ ጎላ ያለ ነገር ያበራል። አቶ ፋውስቶ ስለዚያ አውራ ጣት ከአርባ ዓመት በላይ ሲነገራቸው የኖሩ ሰው ናቸው። ድንኳኑን እንዳለ ጥለው፣ ዕቃውን አቅፈው፣ ጎረቤት ሻጭ እየተጣራ ሄዱ።

አቶ ኦርቪል ቤት ሲደርሱ ማኒፎልዱን አልጋው ላይ፣ በነጩ አንሶላ ላይ አስቀመጡት።

"ፋውስቶ፣ አንሶላዬን!" አሉ ወይዘሮ ኢርማ።

አቶ ኦርቪል ባለሁለት መሆኑን አይተው ፊታቸውን አዞሩ። "እዚህ ድረስ ልታናድደኝ ነው የመጣኸው?"

"ገልብጠው" አሉ አቶ ፋውስቶ።

አልቻሉም፤ ከብዷቸዋል። ወይዘሮ ኢርማ ገለበጡላቸው። የአቶ ኦርቪል አውራ ጣት በልማዱ ሄደና አረፈ። የዚያ ልጅ ጣት ቀጭን ነበር፤ የእሳቸው አሁን ወፍሯል፣ ጠባሳዋ ግን ጠባሳዋን አገኘች። ካርቡሬተር ከሚቀመጥባቸው አራት ቀዳዳዎች በጎንና በጎን ያሉትን ሁለቱን አንድ ሰው በብየዳ ደፍኖ፣ አስተካክሎ ሞርዶ፣ ባለአራቱን ባለሁለት አድርጎት ነበር።

"ከየት ነው?"

"ከቤከርስፊልድ። አንዲት መበለት ጋራዥ ስታስለቅቅ በጅምላ የገዛሁት ውስጥ። በ1971።" አቶ ፋውስቶ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ብትገድለኝ ይገባኛል።"

 ከአቶ ኦርቪል ሆድ የወጣው ሳቅ ሆነና ሎይስ ኦክስጅን እስክታደርግላቸው ድረስ ትንፋሽ አጠራቸው።

"እግሬን ነበር የማሳርፍበት" አሉ። "ያንተን ባቄላ እየበላሁ።"

ወይዘሮ ኢርማ ግን አልሳቁም። ወደ ወጥ ቤት ገብተው የውሃ ቧንቧውን ከፍተው አለቀሱ፤ ከደስታው ይልቅ ንዴቱ እንደባሰባቸው ራሳቸው ተናግረዋል። ያለፉት የልደት ቀኖች፣ የቀዘቀዙት እራቶች፣ ያልታየው ታሆ ሁሉ አንድ የሸራ ገመድ ላይ ታስሮ ሲጠብቃቸው ኖሯል። ሲመለሱ ባለቤታቸው ይረጋሉ ብለው ጠብቀው ነበር። አቶ ኦርቪል ግን ትራሱን ተደግፈው ቀና ብለዋል።

"ዲንን ጥሪልኝ። ሁለቱን ቀዳዳ የሚከፍት ጥሩ በያጅ ይፈልግ። ፋውስቶ፣ አንተ ከሥሩ የሚነጠፈውን ጋስኬት ቁረጥ። ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ?"

ሥራው እስከ ማርች ዘለቀ። ዲን የተደፈነውን አስከፈተ፤ አቶ ፋውስቶ ጣውላውንና ፎጣውን አንሥተው ማኒፎልዱን በቦታው ገጠሙ፤ አራቱ ካርቡሬተሮች ከሸሚዞቻቸው ወጡ። አቶ ኦርቪል ከአልጋቸው ሆነው በግድግዳው በኩል ትእዛዝ ይሰጡ ነበር፤ ብሎን ሲጠብቅ ድምፁን ሰምተው "በዛ፣ መልሰው" ይሉ ነበር። ድካማቸው ግን በየቀኑ እየበረታ ሄደ፤ ሐኪሙም ለቤተሰቡ የሚናገረውን ተናገረ።

እሑድ ማርች 9 ቀን 2014፣ ከምሳ በኋላ፣ በክፍሉና በጋራዡ መካከል ያለው በር ተከፈተ። መኪናዋ ላይ ማን ይቀመጥ ሲባል አቶ ፋውስቶም ዲንም አንዳቸው ሌላውን አዩ። አቶ ኦርቪል "ኢርማ" አሉ። ወይዘሮ ኢርማ በዚያች መኪና ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም ነበር፤ ተቀመጪ ያላቸውም አልነበረም። የወጥ ቤት ሽርጣቸውን ሳይፈቱ ገቡና ሞተሪኖውን ተጫኑ። አንዴ አጉረመረመና ቆመ። ሁለተኛም እንዲሁ። በሦስተኛው ያ ሞተር፣ ከሃርላን እጅ ወዲህ ድምፁን ያላሰማው ሞተር፣ አስነጥሶ ተነሣ፤ የጋራዡ መስኮት ተንቀጠቀጠ፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ።

አቶ ኦርቪል ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

"አንዷ ሲሊንደር አትመታም" አሉ። "ከግራ ሦስተኛዋ።"

አቶ ፋውስቶ ካንዴላ መፍቻ ሊያነሡ ዞሩ። ዲን መብራት ሊያመጣ ተነሣ። ሁሉም የሚቀጥለውን ትእዛዝ ጠበቀ፤ አቶ ኦርቪል ይህን የመሰለ ጉድለት ሰምተው ዝም ያሉበት ቀን አልነበረምና።

"ተዉዋት" አሉ አቶ ኦርቪል።

ወይዘሮ ኢርማ ከመኪናዋ ወርደው መጥተው ወንበር ሳቡና አጠገባቸው ተቀመጡ። ሞተሩ እያነከሰ ይሠራል። አቶ ኦርቪል እንቅልፍ ወሰዳቸው። ወይዘሮ ኢርማ እጃቸውን በብርድ ልብሱ ላይ፣ በባለቤታቸው እግር ላይ አሳረፉ። እግሩ አይንቀሳቀስም ነበር።

አቶ ኦርቪል ሩስታድ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ ማርች 11 ቀን 2014፣ በተወለዱ በ82 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኢርማ፣ ልጆቻቸው ሎይስና ዲን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ወዳጃቸው አቶ ፋውስቶ ኦላጌና ዕቃቸውን ያገኙላቸው ሰዎች ሁሉ በሐዘን ይሰናበቷቸዋል።

ወደ መቃብር ስንሄድ ከፊት የምትመራን ያቺው የ1932 ፎርድ ናት። የሚነዷት ወይዘሮ ኢርማ ናቸው። ስትነሣ እንደምትሰሙት አንዷ ሲሊንደር ዛሬም አትመታም። ከመካከላችሁ ጉድለቱን የማያውቅ፣ ሊያስተካክለውም እጁ የማይበላው ሰው እንደሌለ ወይዘሮ ኢርማ ያውቃሉ። ስለዚህ ማንም ሰው፣ በተለይም አቶ ፋውስቶ፣ የሞተሩን ክዳን እንዳይከፍት አደራ ብለዋል። አቶ ኦርቪል ተዉዋት ብለዋል፤ እንተዋት።

እግዚአብሔር የአቶ ኦርቪልን ነፍስ ከወንድማቸው ከሃርላን ጋር ያገናኝልን፤ ለማን አውሰኸው ነበር ብለው እንዲጠይቁት ጊዜ ይስጣቸው። ከዚያ በኋላ ዕረፍትን ይስጣቸው፤ አልቀመጥ ቢሉትም ይታገሣቸው። አሜን።